የሙት ውሃ ቅዳሜ

ልጄ ኛምቩላ ከናይሮቢ ደውላ የመስክ ቀኑ ለቅዳሜ አስራ አራት መቆረጡን ስትነግረኝ፣ "እሺ ልጄ፣ አላህ ያሳካው" አልኳት እንጂ ምንም አላሰብኩም። አስራ አራት ለእኔ ባዶ ቁጥር ነበር። እኛ የሚኮኮኒ መንደር ሴቶች ቀን የምንቆጥረው በጨረቃ ነው። ወደ ጭቃው የምንወርደው፣ ሸርጣን የምንይዘው፣ ችግኝ የምንተክለው የጨረቃዋን ዕድሜ አይተን ነው። የፈረንጁን ወር የሚከታተለው ተማሪና ደመወዝተኛ ነው።

ኛምቩላ በዩኒቨርሲቲ የምትማረው የአካባቢ ጥናት ነው፤ ሦስተኛ ዓመቷን እየጨረሰች ነበር። በዚያ ዓመት ለእሷ ዓይነት ተማሪዎች አንድ ዕድል ወጣ፤ በባሕር ምርምር ጣቢያ ስምንት ወር እየሠሩ መማር። ከየቦታው ብዙ ቡድን አመለከተ፣ ተጣርቶ አምስት ቀረ። አምስቱ ቡድኖች እያንዳንዳቸው ከአንድ መንደር ሰው ጋር ሆነው የመስክ ቀን እንዲያዘጋጁ፣ ዳኞችም እየዞሩ እንዲያዩ ተባለ። ጣቢያው የሚወስደው ብልጫ ያገኙትን የሁለት ቡድን መሪዎች ብቻ ነው። ልጄ መሪ ነበረች። የመረጠችውም መንደር የራሷን ነው፤ የምታሳየውም እኛን፣ በባሕሩ ዳር ምኮኮ፣ ያንን በጨው ውሃ ጭቃ ላይ የሚበቅለውን ዛፍ፣ የምንተክለውን ሴቶች።

"ከመንደር ሁሉ እኛን?" አልኳት ያን ጊዜ። "ሌላ የተማሩ ሰዎች ያሉበት አጣሽ?"

"ማማ፣ የተማሩትን ናይሮቢ ሞልተውልኛል" አለች።

እኔ ግን ልቤ አላረፈም። የእህቴ ልጅ ከእሷ ሁለት ዓመት ቀድማ ተመርቃ አሁን ዲያኒ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ትቀይራለች። ሥራን አልንቅም፤ እኔ ራሴ ዕድሜዬን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ነው የኖርኩት። ግን ኛምቩላ ከልጅነቷ ጀምሮ ስለ ሸርጣን ጉድጓድ ስትጠይቀኝ የኖረች ናት። ይህ ዕድል ካመለጣት ሁለተኛ በሩ ላይ የሚያቆማት ሰው እንደሌለን አውቃለሁ። ዘመድ የለንም፣ የምናውቀው ባለሥልጣን የለንም። ያለን ያ ቅዳሜ ብቻ ነበር።

የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ሰባት ወሬ ነበር። የሚያስተምረን መምህር ስዋሌህ ነው፤ ሰኞና ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መድረሳው በረንዳ ላይ እንሰበሰባለን። ያን ሰኞ መምህሩ ከመስጊድ የቀን መቁጠሪያ ይዞ መጣና ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ትልልቁ ቁጥር የፈረንጁ ነው፤ ከሥሩ በቀይ የተጻፈው ትንሹ የጨረቃው።

"ዛሬ እያንዳንድሽ የምታስቢውን ቀን ፈልገሽ ታሳይኛለሽ" አለ። "የሠርግ ይሁን፣ የገበያ ይሁን።"

ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁ። አስራ አራትን ለማግኘት ከአንድ ጀምሬ በጣቴ መቁጠር ነበረብኝ። አገኘሁት።

"ጎሽ! የኛምቩላ እናት! ከሥሩ ያለውስ?"

ቀረብ ብዬ አየሁት። ሁለት ክብ፣ አንዱ ባንዱ ላይ። "ስምንት" አልኩ።

ሴቶቹ አጨበጨቡ። መምህሩም "አላልኳችሁም?" አለ። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የጨረቃ ስምንት! ጨረቃ ስምንት ስትሞላ ባሕሩ ሙት ውሃ ነው። ሙት ውሃ ሲሆን ባሕሩ እንደ ሌላው ጊዜ ሩቅ አይሸሽም፣ ሩቅም አይመጣም፤ ሰነፍ ሆኖ መሃል ላይ ይዋልላል። የሚሞላው ደግሞ ጠዋት አራት ሰዓት አለፍ ሲል ነው። ዳኞቹ የሚመጡትም ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ የምንተክልበት ጭቃ ጉልበት የሚደርስ ውሃ ውስጥ ይሆናል።

"ምነው? ደነገጥሽ?" አለ መምህሩ።

"እርግጠኛ ነህ ስምንት ነው? ሦስት አይደለም?"

"ሦስት ባንድ ጎን ክፍት ነው። ይሄ ዝግ ነው። በትክክል ነው ያነበብሽው።"

ላምነው አልፈለግሁም። የሰባት ወር ተማሪ ምን ታውቃለች? ፀሐይ ስትገባ ባሕሩ ዳር ወርጄ ወደ ምዕራብ አየሁ። ጨረቃዋ ቀጭን ነበረች፣ የሦስት ቀን ልጅ። በጣቴ ቆጠርኩ፤ ማክሰኞ አራት፣ ረቡዕ አምስት፣ ሐሙስ ስድስት፣ ዓርብ ሰባት፣ ቅዳሜ ስምንት። ወረቀቱና ሰማዩ አንድ ነገር ተናገሩ። በትክክል በማንበቤ ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር፤ እኔ ግን ወደ ስልኬ ሮጥኩ።

ወዲያው ደወልኩ።

"ማማ፣ ደህና ነሽ? ምን ሆንሽ?"

"ቅዳሜ ሙት ውሃ ነው።"

ከጀርባዋ መኪና ሲያንጫርር ይሰማኛል።

"ኛምቩላ?"

"እየቆጠርኩ ነው" አለች። ቆጥራ ስትጨርስ ድምፅዋ ተለወጠ። "ማማ፣ ጉድ ሆንኩ።"

"ማን ነው ቀኑን የመረጠው?"

"ኦዴራ ነው፣ የቡድናችን ልጅ። እኔ ፈተና ላይ ነበርኩ። ሦስት ቅዳሜ ሰጥተውን አንዱን ምረጡ አሉ፤ እሱ አውቶቡስ የሚገኝበትን መረጠ። እኔም ስሰማ እሺ አልኩ። እዚህ ጨረቃ ማን ያያል፣ ማማ? ሦስት ዓመት ሙሉ ቀና ብዬ አላየሁም።"

"ኦዴራ የሚሉት የቪክቶሪያ ሐይቅ ልጅ አይደለም?"

"ነው።"

"እሱማ ምን ያድርግ! የነሱ ውሃ ካስቀመጡት አይነሳም።"

ሳቀች፤ እያለቀሰች ግን ነበር። በማግስቱ አዘጋጆቹን ለመነቻቸው፤ ቀኑ አይነካም አሏት። ዳኞቹ ከሦስት ከተማ ነው የሚሰባሰቡት፣ አውቶቡሱም ከኛ ጋር ውሎ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ሌላው መንደር መሄድ አለበት።

ያን ሳምንት እንቅልፍም ምግብም አልሆነልኝም። ለማኅበራችን መሪ ለሚሺ ነገርኳት። ሚሺ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች፤ እንኳን ፊደል የቀን መቁጠሪያም አታይም። ዓይን የተሰጠን ሸርጣን እንድንይዝበት ነው ትላለች።

"እና ይሄንን በወረቀት ነው ያወቅሽው?" አለችኝ።

"በወረቀት።"

"እኔን ብትጠይቂኝ ቁጭ ብዬ እነግርሽ ነበር።"

"ቅዳሜ አስራ አራት ነው ብልሽ ምን ትዪኝ ነበር?"

"እሱን አላውቅም" አለች።

ሐሙስ ዕለት ልጆቹ መጡ፤ ኛምቩላ፣ ኦዴራና ሌሎች አራት ተማሪዎች። ኦዴራ ረጅም ነው፤ የጓዳዬን በር ጎንበስ ብሎ ነው የገባው። "ሺካሞ፣ እማማ" ብሎ ለታላቅ የሚሰጠውን ሰላምታ እየሰጠ እጁን ዘረጋልኝ፤ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

"መርሐባ። አንተ ነህ ባሕሩን የቀጠርከው?"

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኛ አገር ውሃው ጠዋትም ማታም እዚያው ነው ያለው።"

"የሚተኛ ውሃ!" አለች ሚሺ ከበሩ። "ዓሣውስ ይነቃል?"

ሁሉም ሳቁ። ኦዴራም ሳቀ፤ ግን ባቄላ በኮኮናት ሳቀርብለት ሁለት ጉርሻ በልቶ ተወው። ልጁ ጥፋቱ ውስጡን እየበላው እንደሆነ ሳይ አዘንኩለት።

ምሳ ስንጨርስ ኛምቩላ የዳኞቹን ቅጽ ዘርግታ አስረዳችን። ነጥቡ መቶ ነው። ከመቶው አርባው ዳኞቹ ባሉበት ለሚተከል ችግኝ የሚሰጥ ነው። ሳንተክል ከዋልን አርባው ሄደ ማለት ነው፤ አርባ ነጥብ ያጣ ቡድን ደግሞ ከሁለቱ ውስጥ እንደማይገባ ልጅ እንኳ ያውቃል።

ያን ጊዜ ነው ክፉ ሐሳብ የመጣልኝ። የእኔ ሐሳብ ነበር፤ በማንም አላሳብብም።

ከምንተክልበት ጭቃ ሽቅብ አንድ ነጭ ሜዳ አለ። አሸዋማ ነው፣ ጨው አለው፤ ባሕሩ የሚጎበኘው በወር ሁለት ጊዜ ትልቁ ውሃ ሲመጣ ብቻ ነው። ሌላው ቀን ሁሉ ደረቅ ነው። ምኮኮ እዚያ አይኖርም። ከስድስት ዓመት በፊት ሰማያዊ ኮፍያ ያደረጉ እንግዶች መጥተው ሦስት ሺህ ችግኝ እዚያ አስተክለውናል። ፎቶ ተነስተው ሄዱ። ከዝናቡ በፊት ሁሉም ደርቆ ማገዶ ሆነ። ዓሣ አጥማጆቹ እስከ ዛሬ "የእንጨት ገበሬዎች" ይሉናል።

"ነጩ ሜዳ ላይ እንትከልላቸው" አልኩ። "ጠዋት ደረቅ ነው፣ ጫማቸውም አይበላሽም። ያያሉ፣ ነጥቡን ይጽፋሉ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ይሄዳሉ። አስር ሰዓት ላይ ውሃው ሲጎድል እኛ ነቅለን ታች ትክክለኛው ቦታ ላይ እንተክለዋለን። ማን ተጎዳ?"

"እኔ ወገቤ ተጎዳ" አለች ሚሺ። "አንዱን ችግኝ ሁለት ጊዜ ልተክል?"

"ለኛምቩላ ነው።"

"ለኛምቩላ ከሆነ ሦስቴም እተክላለሁ።"

ኛምቩላ የቅጹን ጠርዝ እያጠፈችና እየፈታች፣ "ይሄ ማታለል ነው፣ ማማ" አለች።

"ማታለል ችግኙን ትቶ መሄድ ነው። እኛ እናነሳዋለን።"

ኦዴራን አየችው፤ እሱ ትከሻውን ከፍ አደረገ። በመጨረሻ "እሺ" አለች፤ ደስ ያላት ሰው እሺ ግን አልነበረም። እኔ ያንን አይቼ እንዳላየ ሆንኩ። ለልጅ ሲሉ የሚሠሩት ነገር ሁሉ ትክክል ይመስላል።

ቅዳሜ ጠዋት ኮኮናት ሩዙን ጥደን፣ ችግኙን በቅርጫት ደርድረን፣ ሃያ ሁለት ሴቶች አዲስ ሌሶ አገልድመን ነጩ ሜዳ ላይ ቆምን። አውቶቡሱ አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ደረሰ። ከዳኞቹ ሁለቱ ናቸው የሚናገሩት። አንዱ አቶ ንዴቶ ነው፤ ሰዓቱን ደጋግሞ የሚያይ፣ እስክሪብቶውን እንደ ቢላዋ የሚይዝ ሰው። ሁለተኛዋ ዶክተር ቼሮኖ ናት፤ አጭር ሴት፣ ከተራራማው አገር የመጣች፣ የጎማ ቦት ጫማ ያደረገች። ባሕሩ ታች ሞልቶ ከዛፎቹ መካከል ያብለጨልጭ ነበር።

ኛምቩላ እንግዶቹን ተቀብላ ስለ ማኅበራችን ተናገረች። ጥሩ ተናገረች። ከዚያ "አሁን ወደ ተከላው እንሂድ" ስትል ድምፅዋ እንደ ልማዱ አልወጣላትም፤ የኔ ልጅ ስለሆነች አውቃለሁ።

ዶክተር ቼሮኖ ግን ወደ ቅርጫቱ አልሄደችም። ጎንበስ ብላ ከነጩ ሜዳ አፈር ዘገነች፤ በጣቶቿ መካከል አፈሰሰችው። ከዚያ ከሃያ ሁለቱ ሴቶች መርጣ ወደ እኔ መጣች። ለምን እኔን እንደሆነ አላህ ያውቃል፤ ምናልባት ፊቴ ላይ ተጽፎ ይሆናል።

"እማማ፣ ስምዎን ማን ልበል?"

"የኛምቩላ እናት ነኝ።"

"እንዲህ ዓይነት ልጅ ስላለዎት ደስ ይበልዎት። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ሁልጊዜ ምኮኮ የምትተክሉት እዚህ ነው?"

'አዎ' ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ ከሐሙስ ጀምሮ ተለማምጄዋለሁ። ቀና ስል ኛምቩላ እያየችኝ ነው። ፊቷ ላይ ያለው ነገር ፍርሃት አልነበረም፤ ኀፍረት ነበር። ለራሷ አይደለም። ስለ እኔ ነው ያፈረችው፤ እናቷ በእንግዳ ፊት ልትዋሽላት እንደሆነ አውቃ።

"አይደለም" አልኩ። "እዚህ ምኮኮ ይሞታል።"

ሚሺ ከኋላዬ "ያ ረቢ" አለች።

ከጀመርኩ ወዲያ ማቆም አልቻልኩም። የምንተክለው ታች እንደሆነ፣ ዛሬ ሙት ውሃ ስለሆነ ቦታው ውሃ ውስጥ እንዳለ፣ ቀኑን በስህተት እንደቀጠርን፣ እዚህ ልናሳያቸውና ሲሄዱ ልንነቅለው እንደነበር፣ ሁሉንም ተናገርኩ። "ሐሳቡ የእኔ ነው" አልኩ። "ልጆቹ አይደሉም። ልጄ ማታለል ነው ብላኝ ነበር፤ እኔ ነኝ አፏን ያስያዝኳት።"

ኛምቩላ ወደ ፊት መጣች። "እሺ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ዶክተር። የቡድኑ መሪም እኔ ነኝ።"

"ቀኑን የመረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ" አለ ኦዴራ እጁን አውጥቶ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለ ልጅ።

አቶ ንዴቶ ሰዓቱን አየ። "ቅጹ የሚጠይቀው የተተከለ ችግኝ ነው" አለ። "ካልተተከለ ባዶ ነው የምጽፈው።"

"ጻፍ" አለች ዶክተር ቼሮኖ። እሱም ጻፈ። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ክብ ሲሠራ አየሁት። ዜሮን ማንበብ ፊደል ሳልማርም የማውቀው ነገር ነው። የልጄን ስምንት ወር በገዛ አፌ እንዳጠፋሁት ገባኝ።

"ቀኑ ስህተት መሆኑን ማን አወቀ?" አለች ዶክተሯ።

"እኔ። በመስጊዱ የቀን መቁጠሪያ አነበብኩት።" ገና ጀማሪ መሆኔን ልናገር አልፈለግሁም ነበር፤ ሚሺ ናት ከኋላ "ሰባት ወር ነው የተማረችው!" ብላ የጮኸችው።

ዶክተር ቼሮኖ ፈገግ አለች። "እንግዲያው እውነተኛውን ቦታ ያሳዩኝ። ውሃው ውስጥም ቢሆን።"

ወረድን። ሌሶዬን ሰብስቤ ከፊት ሄድኩ፤ እሷ ቦት ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ተከተለችኝ። ኛምቩላ፣ ኦዴራና ሚሺም ከኋላችን መጡ። ውሃው ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ባት፣ ከዚያ ጉልበት ደረሰ። ባለፈው ዓመት የተከልናቸው ምኮኮዎች ጫፋቸውን ብቻ አውጥተው ቆመዋል፤ ሁለት ሁለት አረንጓዴ ቅጠል።

"ጥሩው ቦታ የት ላይ እንደሚያልቅ በምን ያውቃሉ?" አለችኝ።

"እግሬ ያውቀዋል።"

"የኔ እግር አያውቅም። እንዴት ልወቀው?"

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ትንሽ አሰብኩ። "በሙት ውሃ ቀን ውሃው የሚቆምበትን ያያሉ" አልኳት። "ሙት ውሃ ሰነፍ ነው፤ እሱ የደረሰበት ቦታ ሌላው ውሃም በየቀኑ ይደርሳል። ምኮኮ በየቀኑ መጠጣት ይፈልጋል። ሙት ውሃ ከቆመበት ሽቅብ ያለው ቦታ ግን የሚጠጣው በወር ሁለቴ ነው። እዚያ ይሞታል።"

ኛምቩላ ውሃው መሃል ቀጥ ብላ ቆመች። "ማማ! ይሄንን ነግረሽኝ አታውቂም!"

"ጠይቀሽኝ አታውቂም!"

"ዩኒቨርሲቲ ሙሉ መንፈቅ በመሣሪያ የምንለካው ይሄንኑ እኮ ነው!" ዘወር ብላ ወደ ባሕሩ ዳር አየች። ውሃው ከሜዳው በታች፣ አረፋና ደረቅ ቅጠል እየገፋ፣ ሊቆም ተቃርቧል። "ስንት ሰዓት ነው?"

"አራት ከሩብ" አለ ኦዴራ።

"ችካሎቹን አምጡ! ለችግኙ ድጋፍ የቆረጥናቸውን! ሁሉንም! ቶሎ በሉ፣ ሊመለስ ነው!"

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደ ሠርግ ነበር። ተማሪዎቹ እየሮጡ ችካል ያድላሉ፣ ሴቶቹ በውሃው ከንፈር ላይ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ተሰለፉ። ኛምቩላ "ጠብቁ... ጠብቁ..." ትላለች። ውሃው አንድ ጣት ገፋ፣ ግማሽ ጣት ገፋ፣ ቆመ። አረፋው ባለበት ረጋ።

"አሁን!"

ሁላችንም በአንዴ ተከልን። ችካሉ እየተጠማዘዘ፣ እዚህ ገባ እዚያ ወጣ እያለ፣ የባሕሩን ዳር ተከትሎ እስከ ጀልባ መቆሚያው ድረስ ሄደ። የሰማያዊ ኮፍያዎቹ ቦታ ሙሉ በሙሉ ከመስመሩ በላይ ነበር፤ የደረቁት ግንዶች አሁንም እዚያ አሉ። ዶክተር ቼሮኖ ግንዶቹንና ችካሎቹን እያፈራረቀች አየች። ከዚያ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ኦዴራን በሜትር አስለክታ ጻፈች። ከሴቶቹ አንድ አንዷን እየጠራች ጠየቀች። ሚሺን ስትጠይቃት ሚሺ በወሬ እስከ አያቷ ዘመን ድረስ ሄዳ ነው የተመለሰችው።

"ይሄንን መስመር በሌላ ቀን መሥራት ይቻላል?" አለች ዶክተሯ ለኛምቩላ።

"በሙት ውሃ ቀን ብቻ ነው፣ ዶክተር። በትልቁ ውሃ ቀን ብትመጡ ኖሮ ተክለን እንሄድ ነበር እንጂ መስመሩን አናየውም ነበር።"

አቶ ንዴቶም ሱሪውን አጥፎ አንድ ችካል ተከለ። ዘመም ብሎ ስለነበር ሚሺ ነቅላ አስተካከለችበት።

ስምንት ሰዓት ላይ ሩዙን በልተው፣ የኮኮናት ውሃ ጠጥተው ሄዱ። ዶክተር ቼሮኖ እጄን በሁለት እጇ ይዛ "አመሰግናለሁ" አለችኝ፤ ስለ ውጤቱ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። አውቶቡሱ ከዓይናችን ሲጠፋ ልጄ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ተቆጣሽኝ?" አልኳት።

"ለምኑ?"

"አርባ ነጥብ አስጣልኩሽ።"

ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች፤ ጨው ጨው ትሸታለች። "አዎ ብትዪ ኖሮ ነበር የምቆጣሽ" አለች።

አስር ሰዓት ላይ ውሃው ጎደለ። ወርደን ከመስመሩ በታች ተከልን፤ ስድስት መቶ ችግኝ፣ ማንም ሳያየን። ኦዴራ ሁለት ጊዜ ጭቃው ውስጥ እስከ ጭኑ ሰምጦ ሴቶቹ እየሳቁ ጎትተው አወጡት። "አሁን ሚኮኮኒ ተከልንህ" አለችው ሚሺ፤ "በየቀኑ ውሃ እናጠጣሃለን።"

ከዚያ አስራ ሰባት ቀን ጠበቅን። ስልኩ በጮኸ ቁጥር እሮጣለሁ፤ ወይ ሽንኩርት ሻጩ ነው፣ ወይ የእህቴ ልጅ። መምህር ስዋሌህ ክፍል ውስጥ ሐሳቤ እንደሌለ አይቶ ሁለት ጊዜ ገሠጸኝ። በሰባተኛው ቀን እኮ ማመልከቻዋን ደግማ እንድታስገባ ልመክራት ሁሉ አስቤ ነበር፤ የት እንደምታስገባ ግን አላውቅም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከሚሺ ጋር መረብ ስንጠግን ደወለች።

"ማማ፣ ቁጭ ብለሻል?"

"ቁጭ ብያለሁ። ተናገሪ።"

"ሁለተኛ ወጣሁ።"

"ሁለተኛ ማለት ገባሽ ማለት ነው ወይስ ቀረሽ?"

"ገባሁ! ሁለት ሰው አይደለም የሚወስዱት? ለተከላው ባዶ ሰጥተውን በሌላው ሁሉ ሙሉ ሰጡን። ከእኛ በላይ የነበረው የአንዱ ቡድን ችግኝ ደግሞ ደርቆ ተገኘ፤ ዳኞቹ ተመልሰው ሄደው አይተው አርባውን ሰረዙበት።"

አልሐምዱሊላህ ብዬ መረቡ ላይ ግንባሬን ደፋሁ። ሚሺ ማን ሞተ ብላ ጮኸች። ማንም እንዳልሞተ፣ ኛምቩላ እንደገባች ስነግራት እልልታዋ እስከ ጀልባ መቆሚያው ተሰማ። ለኦዴራም በሐይቁ በኩል ሌላ የልምምድ ቦታ እንደተገኘለት ልጄ ነገረችኝ፤ ደስ አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ፍርሃቴ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። የት ነው የምታድሪው? አጎበር አለው? ጀልባ ላይ ሲወጡ የሚንሳፈፈውን ልብስ ይሰጧችኋል? ምግቡን የሚሠራው ማን ነው?

"ማማ፣ የማትፈሪው ነገር አለ?"

"መልሽልኝ።"

አንድ በአንድ መለሰችልኝ። ሁሉም አለ፤ አጎበሩም፣ ልብሱም። ምግብ የምትሠራው ከላሙ ደሴት፣ ከኛው ባሕር ዳር የመጣች ሴት ናት፤ እሱን ስሰማ ተረጋጋሁ።

"ሌላም ነገር አለ" አለች። "ዶክተር ቼሮኖ ያንን መስመር በሰባት መንደር ልታሠራ ነው። በሚቀጥለው ሙት ውሃ ይጀመራል። አንቺና ሚሺ መጥታችሁ ለሌሎቹ ሴቶች እንድታሳዩ ትፈልጋለች። ቀኑን አንቺ ንገሪን አለች።"

"እኔ ልቅጠር?"

"አንቺ ቅጠሪ። በኦዴራ መቅጠር ቀርቷል።"

ለሚሺ አስተላለፍኩላት። መረቡን ጭኗ ላይ አድርጋ ትንሽ አሰበች።

"ምሳ አለው ወይ በያት።"

"አለው ትላለች።"

"የሚወስዱን በጀልባ ነው በመኪና?"

"በመኪና።"

"እንግዲያው" አለች ሚሺ መርፌዋን አንስታ፣ "እኔ ከሾፌሩ ጎን ነኝ የምቀመጠው። ከኋላ ያቅለሸልሸኛል።"